ለሳተ ይግባኝ የለውም

ጎንደር ላይ ለሳተ ተኳሽ ይግባኝ የለውም። ምግብ ቤት ገብቶ «ወጡ ጨው በዛበት» ማለት ይቻላል። ባጃጅ ተሳፍሮ በሒሳብ መጨቃጨቅም ያለ ነው። ተኩሶ የሳተ ሰው «ጥፋቱ የጠመንጃው ነው» ካለ ግን ከፒያሳ እስከ አዘዞ መሳቂያ ሆኖ ይከርማል። አያቱ በውጅግራ፣ አባቱ በምንሽር፣ እሱ በሰበብ!

በበዓል ሰሞን መንገድ ዳር የአየር ጠመንጃ ይዘው ፊኛ የሚያስመቱ ሰዎች ይህችን ጠባያችንን ጠንቅቀው ያውቋታል። ሌላው ነጋዴ የሚያተርፈው በዕቃው ነው፤ እነሱ የሚያተርፉት በእኛ ወንድነት ነው።

ለጥምቀት ከተማው ሲጥለቀለቅ ከነዚሁ አንዱ ዘንድ ቆምኩ።

«ስንት ነው?»

«ማንበብ አይችሉም እንዴ?» ዋጋውን ካርቶን ላይ ጽፎታል፤ ካርቶኑ ላይ ተቀምጦበታል።

«እችላለሁ፤ ተነሣልኝና ላንብብ።»

ተነሣ፣ ከፈልኩ። ጠመንጃውን ከነአፈሙዙ ወደ ሆዴ ቀስሮ አቀበለኝ።

«ወንድሜ፣ ዒላማው ፊኛው ነው ወይስ ሆዴ?»

«ብዙም ልዩነት አላየሁባቸውም፣ ጋሼ።»

«አላቸው እንጂ። ይኼኛውን ለመንፋት ስንት ብር ፈጅቷል!»

ጠመንጃውን አገላብጬ አየሁት። ሰደፉ ላልቷል። የፊተኛው ማነጣጠሪያ በከመነዳሪ ቁራጭ ታስሮ ወደ ቀኝ ዘሟል። ፊኛዎቹም ከተነፉ ቆይተው ስለተጨማደዱ፣ ቢመቱ እንኳ ለመፈንዳት ሽማግሌ መላክ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ቀዩን ፊኛ አነጣጥሬ ቃታውን ሳብኩ። ጥይቷ በግራ በኩል አልፋ ከኋላ የተወጠረው ሸራ ላይ አረፈች።

«ሳቱ!»

«ይሄ ነገር ውጅግራ ነው?»

«ምን ውጅግራ! የአየር ነው እንጂ።»

«ወደ ግራ ብቻ ሲሄድብኝ ጊዜ ነው።»

«ጋሼ፣ ይህ ጠመንጃ እኮ ጣሊያንን ያየ ነው!»

«ማየቱንስ አይቶት ይሆናል። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ በኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ግን ይህን ፈርቶ አይመስለኝም።»

ከብቦን የቆመው ሰው ሳቀ። ሳቅ ወደ እሱ መዞሩን ሲያይ ወደ እጄ ዞረ።

«እጅዎ ይንቀጠቀጣል።»

«ሰደፉ ብቻውን ሲወዛወዝ እንዳያፍር ብዬ ነው።»

መልሴን ጠየቅኩት። «ዝርዝር የለም፤ በመልሱ ይድገሙበት» አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እሱ ሞኝ አልነበረም፤ የያዘው ግን ወረቀት ነበር።

ነገሩን ወደ ሕግ ወሰድኩት። «በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ጥራት ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ፣ በትሕትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም እንዲጠበቅ መብት ሰጥቶታል።»

«እሱ ለሱቅ ነው። እኔ በር እንኳ የለኝም።»

«አፍ አለህ አይደል? ትሕትናው የሚመለከተው እሱን ነው።»

ሕጉ አልበቃ ካለ ስፖርቱን እንይ። የአየር ጠመንጃ ተኩስ እ.ኤ.አ. ከ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ጀምሮ ሜዳልያ የሚሸለምበት ውድድር ነው። ርቀቱ 10 ሜትር፣ የጥይቷ ስፋት 4.5 ሚሊሜትር ሲሆን፣ አሥር የምታሰጠው የዒላማው እምብርት ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ናት። እንዲህ ያለውን ነጥብ የሚመታው ጀግና እንኳ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ማነጣጠሪያውን የሚያስተካክልበት፣ ነጥብ የማይያዝበት ተኩስ ይፈቀድለታል። ዳባት ገበያ ወርዶ በቅሎ የሚገዛ ገበሬም ጥርሷን ሳያይና ሳያስረግጣት ብር አይቆጥርም። ጠመንጃውን ሳይሞክር የሚከፍለው የጥምቀት ተኳሽ ብቻ ነው።

በመጨረሻ «እስኪ አንተ ተኩስ» አልኩት።

ደስ ብሎት ተቀበለኝ። ሰደፉን ትከሻው ላይ አሳርፎ ቀዩን አነጣጠረ። በግራ በኩል ያለው ቢጫ ፊኛ ፈነዳ።

«አዩ! ጠመንጃው ምንም አልሆነም።»

«የቱን ነበር ያሰብከው?»

«ቢጫውን ነዋ!»

«ቢጫውን አስቦ ቀዩን የሚያነጣጥር ሰው፣ የጠመንጃውን ጠማማነት ከኔ ቀድሞ ያውቅ ነበር ማለት ነው።»

ለዚህ እንኳ መልስ አጣለት፤ የብሬን መልስም እንደዚሁ።

የብዙ መስተንግዶአችን ምስጢር ይኸው ነው። የሆቴሉ ሻወር በቀዩ ምልክት ቀዝቃዛ፣ በሰማያዊው ሙቅ ውኃ ያወርዳል፤ እንግዳው ቢጮህ «አጠቃቀሙን አላወቁበትም» ይባላል። በመሥሪያ ቤቱ መስኮት ቁጥር 3 የሚሉት አገልግሎት የሚሰጠው መስኮት 5 ላይ ነው፤ ባለጉዳዩ ቢሳሳት «ጠይቀው አይመጡም?» ይባላል። አስተናጋጁ ጠማማነቱን ለምዶታል፤ ያልለመደው ደንበኛ «ሳተ» ይባላል። ደንበኛውም ኩራት ይይዘውና ከፍሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

ስለዚህ «ሳታችሁ» ስትባሉ አያታችሁን ምስክር አትጥሩ። ጠመንጃውን ለባለቤቱ መልሱና ቀድሞ ፊኛውን በስም እንዲጠራ አድርጉ፤ ከዚያ ይተኩስ።