የዋርካው ቁራ

ተረት ተረት፣ የላም በረት።

በአንድ ወንዝ ዳር ትልቅ ዋርካ ነበር። ባለቤቱ ዝሆን «ኑ ተጠለሉ፣ ኪራይ አልጠይቅም» ስላለ አራዊቱ ማታ ማታ እዚያ ይሰበሰባሉ። ማን እንደወለደች፣ የማን ጎተራ እንደጎደለ፣ ማን ከማን እንደተቀያየመ የሚወራው ዋርካው ሥር ነው። ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ የለም፤ ከጎረቤት ምን ይደበቃል?

ቁራ ግን ከዝሆን ጋር ተዋውሎ ወሬው ሁሉ የሚሰማበትን ቅርንጫፍ ያዘ። የመጀመሪያ ደንበኛው ነጋዴው ዝንጀሮ ነበር። ቁራ «አጋዘን ጨው አልቆባታል» ሲለው ዝንጀሮ በማግስቱ ጨው ጭኖ ከደጇ ይደርሳል። አጋዘን ደስ አላት፤ ማን ነገረህ ብላ አልጠየቀችም። ነገሩ ሥር የሰደደው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ውሎ አድሮ ቁራ ያንኑ ወሬ ይዞ ወደ ጸጥታ አስከባሪው ነብር ሄደ። «ማን ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን የት ቆሞ እንዳለው እነግርሃለሁ» አለው። ነብርም ከፈለ።

አንድ ቀን ወጣቱ ድኩላ በነብር እጅ ሳለ ተጎድቶ ሞተ። አራዊቱ ዋርካው ሥር ተሰብስበው አለቀሱ፤ አንዳንዱም በንዴት ድንጋይ ወረወረ። ቁራ የእያንዳንዱን መልክ ለነብር አቀበለ። ሚዳቋ የካቻምና የግጦሽ ቅጣት ነበረባት፤ ነብር ከለቅሶው መሃል ለይቶ ይዟት ሄደ።

ይህን ከባዶ አልፈጠርኩትም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2015 ፍሬዲ ግሬይ በባልቲሞር ፖሊስ እጅ ሳለ በደረሰበት ጉዳት ሲሞት ከተማዋ በተቃውሞ ተናወጠች። ጂኦፊዲያ የተባለው የቺካጎ ኩባንያ፣ ሰዎች በትዊተር፣ በፌስቡክና በኢንስታግራም የለጠፉትን ከነቦታው እየለቀመ ለንግድ ድርጅትም ለፖሊስም ይሸጥ ነበር። በተቃውሞው ጊዜ ፖሊስ ከእነዚህ ልጥፎች ያገኛቸውን ፎቶዎች በፊት መለያ ቴክኖሎጂ አሳልፎ፣ «ረብሸኞች» ከተባሉት ውስጥ የእስር ማዘዣ ያለባቸውን ከሕዝቡ መሃል እንደያዘ ኩባንያው ራሱ በማስተዋወቂያው ጽፏል። የአሜሪካ ሲቪል ነፃነቶች ኅብረት የካሊፎርኒያ ቅርንጫፍ ሰነዶቹን ከፖሊስ ጠይቆ ካገኘ በኋላ፣ በ2016 ሦስቱም መድረኮች በራቸውን ዘጉበት።

እርግጥ ነው፣ አራዊቱ ያወሩት በአደባባይ ነው። ግን በአደባባይ መናገር ሌላ፣ የተናገሩት ሁሉ ተለቅሞ ዱላ ለያዘው መሸጥ ሌላ። ከጎረቤቱ ጋር ማልቀስ የሚፈራ አገር ምን አገር ነው? ከቁራ ይልቅ በዝሆን አዝናለሁ፤ ጥላውን በነፃ ሰጥቶ ወሬያችንን ያከራየው እሱ ነው።

በተረታችንም ነብር ለቁራ የከፈለበትን ደረሰኝ የጠየቀችው ኤሊ ናት። አራዊቱ ፊት አነበበችው። ዝሆን አፍሮ የቁራን ቅርንጫፍ በኩምቢው ገነጠለ። እልልታው ቀለጠ።

ኤሊ ግን «እስከ ዛሬ የተሸጠውስ?» አለች።

ዝሆን «እኔ ቅርንጫፌን ቆርጫለሁ» አለ።

ነብርም «ዝርዝሩ የኔ ነው፤ በገንዘቤ ገዝቼዋለሁ» አለ።

«ገንዘቡ ከኛ ግብር የወጣ ነው» አለችው ኤሊ። «አውጣው፤ እያንዳንዳችን ስለ ራሳችን የተጻፈውን እናንብብ። ሚዳቋንም በምን እንደያዝካት ዳኛ ፊት ተናገር።»

ነብር ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ዋሻው ገባ። አራዊቱም ኤሊን አስቀድመው ተከተሉት።