«የእናንተማ ጥቂት ናቸው!» ላልከው

«የእናንተ ተፈናቃይ ከእኛ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም» አልክ ወንዛዬ? ተጠንቀቅ፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ምንም ያልከው ሰው ያረሰው መሬት፣ ያሰረው ከብት፣ የቀበረው ወላጅ አለው።

«ቁጥር አይዋሽም» ካልከኝ ሁለት ደሴት ላሳይህ። አንዱ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለው ቢኪኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካ ኒውክሌር ልትሞክርበት 167 ነዋሪዎችን አስነሳች፤ እስከ 1958 ድረስ 23 ጊዜ አፈነዳችበት። ሁለተኛው በሕንድ ውቅያኖስ ያለው ቻጎስ ነው። ብሪታንያ የቻጎስን ትልቅ ደሴት ዲዬጎ ጋርሺያን ለአሜሪካ ጦር ሰፈር ልትሰጥ ብላ ከ1968 እስከ 1973 ከ1,500 የማያንሱ ሰዎችን ነቅላ አወጣች። ውሾቻቸው እንኳ በጋዝ ተገደሉ።

«እንግዲያማ ቻጎስ በለጠ!» በቁጥር አዎ፣ ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይበልጣል። ከቢኪኒም ቢሆን ግን አንድ ሰው አልቀረም። ሁሉም ከተነሳ በኋላ ምን የሚጨመር አለ?

«መዝገብ ካለ ምን ክርክር አለው?» መዝገቡን የያዘው ማን እንደሆነ እይ። የእንግሊዝ ሹማምንት የቻጎስን ሰው «ቋሚ ነዋሪ የለም፤ ያሉት የኮንትራት ሠራተኞች ናቸው» ብለው ጻፉ። ነዋሪ ያልተባለ ሰው ተፈናቀለ አይባልም። ትውልድ የተወለደበት ደሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር ባዶ ሆነ።

«የእኛ አገር እንዲህ አይደለም» አትበለኝ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም.ን አስታውስ፤ የጋይንቷ ከተማ ነፋስ መውጫ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ የጋይንት ሰው ወደ ደብረ ታቦር ጎረፈ። ክረምት ነበር። እናት ልጇን አዝላ፣ የቤቷን ቁልፍ በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ፣ በጭቃው እየማሰነች ትገባለች። ዘመድ በሩን ይከፍትላታል። መዝጋቢው በማግስቱ መጠለያ ለመጠለያ ሲዞር እሷ ዘመዷ ማድ ቤት እሳት ታነዳለች። ማን ይቁጠራት? የደብረ ታቦር ሰው ደግነቱ የእሷን ስም ከመዝገብ አስቀረው። ታዲያ «ጥቂት ናችሁ» ስትለን ያቺን እናት ደምረሃታል?

«የጌዴኦው ይብሳል፣ የወለጋው ይብሳል» ለሚለኝም መልስ አለኝ። መፈናቀልን የሚከታተለው የጄኔቫው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2018 ኢትዮጵያ ውስጥ በግጭትና በጥቃት 2.9 ሚሊዮን መፈናቀል መዘገበ፤ ያን ዓመት ከዓለም አንደኛ ነበርን። በ2021 ቁጥሩ 5.1 ሚሊዮን ደረሰ፤ እስከዚያ ድረስ በአንድ አገር በአንድ ዓመት እንዲህ ያለ ቁጥር አልታየም ነበር። በዚያ ድምር ውስጥ የጋይንቱም፣ የትግራዩም፣ የአፋሩም ሰው አለ። የጌዴኦ እናት ብታለቅስ የጋይንቷ እንባዋን ትዋጥ? የጋይንቷ ብታለቅስስ የትግራይዋ ዝም ትበል?

«ቆጠራ አያስፈልግም ነው የምትለው?» የለም፣ ያስፈልጋል! ስንት ኩንታል እህል እንደሚጫን፣ ስንት ድንኳን እንደሚተከል የሚታወቀው በቆጠራ ነው። አንተ ግን ቁጥሩን የጠራኸው እህል ልትጭንበት አይደለም፤ የሌላውን አፍ ልታዘጋበት ነው።

«ጥቂት ሲሆኑ ምን ይደረጋል?» ሕጉን ጠይቅ። አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 በካምፓላ የተፈናቃዮችን ስምምነት አጸደቀች፤ ኢትዮጵያም ፈርማ ሕጓ አድርጋዋለች። ስምምነቱ ተፈናቃይ የሚለው ከቤቱ በግድ የሸሸን ሰው ነው። ከዚህ ቁጥር በታች የሆነ አይጠለል፣ አይመለስ፣ አይካስ የሚል አንቀጽ የለውም።

እንግዲህ ወንዛዬ፣ ከአሁን በኋላ «ስንት ናቸው?» ብለህ ስትጠይቅ «መቼ ቤታቸው ይገባሉ?» የሚለውንም አስከትል። ሁለተኛውን የማትጠይቅ ከሆነ የመጀመሪያውንም ተወው። አንድም ሰው ከቀዬው በግድ ከተነቀለ በደል ነው፤ በደልን ደግሞ ከጎረቤት በደል ጋር አስተያይቶ ማሳነስ ሌላ በደል ነው።