ምክር በፓኬጅ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የዘንድሮው ጉድ ግን መስከረምን እንኳ አልጠበቀም። ምራቴ የሆዷን ለማናውቃት ሴት በስልክ፣ ዙም በሚሉት፣ እየነገረች ነው። ሴትዮዋ አዲስ አበባ፣ እኛ ሆሳዕና፣ ልጄ ጆሃንስበርግ፤ ክፍያው በቴሌብር። የቤተሰብ አማካሪ ናት አሉኝ። አማካሪማ እኔ ነበርኩ!

እኔ ከሾኔ እስከ ፎንቆ እየተጠራሁ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቅሁ ሰው ነኝ። ያኔ ሽማግሌ ሲመጣ ቤቱ ይታጠናል፣ ቡላው በቅቤና በአይብ ይሠራል፤ ከሐድያ አተካና ፊት ተቀምጦ የሚያኮርፍ ባል እስካሁን አላየሁም። መጀመሪያ እንበላለን፣ ከዚያ የሁለቱን ዘር እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ ከዚያ ጥፋተኛው ይቀጣል፣ ከዚያ እንደገና እንበላለን። ይቺ አማካሪ ፊት የሚታየው አንድ የውሃ ኮዳ ነው። በውሃ የታረቀ ትዳር ስንት ክረምት ይሻገራል?

መንግሥት እንኳ ያውቀናል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ፍቺ የጠየቁ ባልና ሚስት ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች ጉዳያቸው እንዲታይ ፍርድ ቤቱ ሊያደርግ ይችላል ይላል። ጠበቃ ጎረቤቴ አንቀጹን አንብቦልኛል፤ ዙም የሚል ነገር የለበትም።

እናቴ ይህን ብታይ ምን ትል ነበር? የአንጋጫ ሴት ነበረች። በእሷ ዘመን በከምባታ ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም ነበር፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃልም ከአፏ አይወጣም ነበር። ባሊሻ ይሉታል። የአያቴ ስም በ«ላ» ይጀምር ነበርና ላሞ የሚባለው ሁለትም፣ ላማላ የሚባለው ሰባትም ለእናቴ ተዘጉባት። ገበያ ወጥታ ሁለት ዶሮ ስትገዛ ለዚሁ ተብሎ የተቀመጠውን ሌላውን ቃል ትጠቀም ነበር። የእኔ ምራት ደግሞ ስሜን ከነአባቴ ጠርታ «ጫና ከሚፈጥሩብኝ ሰዎች አንዱ ናቸው» ስትል ሰማሁ። ጆሮ ጥዬ አይደለም። ልጄ በላከው ገንዘብ የተጀመረው ቤት ልስኑ አላለቀም፤ ብሎኬቱ ድምፅ ያሳልፋል።

እስቲ እዚሁ ሰው ጠፍቶ ነው? ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ከነመምህራኑ አፍንጫችን ሥር አለ፣ ሆስፒታሉ አለ። ይህንኑ ስጠይቃት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አባባ፣ ፓስተሩ የአክስቴ ባል ናቸው። ነርሷ የዕድራችን ጸሐፊ ልጅ ናት። ለእርስዎ ብነግርዎ ደግሞ ባሌ የእርስዎ ልጅ ነው። ይቺ ሴት ማንንም አታውቅም፤ የመረጥኳትም ለዚሁ ነው።» በእኛ ዘመን ሽማግሌ የሚመረጠው ሁሉንም ስለሚያውቅ ነበር። አሁን አለማወቅ ሙያ ሆነና በሰዓት ይከፈልበታል።

ከሩቅ እርዳታ መጠየቅ ለሐድያ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሆስፒታላችን በስሟ የሚጠራው ንግሥት እሌኒ፣ የሐድያው ገራድ ልጅ፣ ለሕፃኑ ልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና አገር ስትመራ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1509 ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ ጽፋ በማቴዎስ እጅ ላከች። የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ የወረዱት በ1520 ነው። አሥራ አንድ ዓመት! ምራቴ መስመሩ ለአምስት ደቂቃ ሲጠፋ ስልኩን ይዛ ጣራ ላይ ልትወጣ ይቃጣታል።

በርግጥ የመስመሩ ነገር ያሳስባል። ወንዶቻችን ወደ ደቡብ አፍሪካ መጉረፍ ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነ። በ1993 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ የመጣ ሰባኪ ሆሳዕና ላይ የደቡቡ መንገድ እንደሚከፈት ተንብዮ ነበር የሚሉ አሉ። ነቢይ አልከስም፤ ስለ ኔትወርክ ግን ምንም ትንፍሽ አላለም። ዛሬ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜና ሺንሺቾ ድረስ ባሏ በስልክ ውስጥ ያለ ሴት ስንት ናት! ልጆቹን እሷ ታሳድጋለች፣ የትምህርት ቤቱን እሷ ትከፍላለች፣ ከግንበኛው ጋር እሷ ትጨቃጨቃለች፤ ዘመድ ሁሉ ደግሞ ገንዘብ የተላከ ቀን በሽታው ይነሣበታል። ልጄ ለእኔ ለጉልበቴ መድኃኒት የላከልኝ ግን ከዚህ አይቆጠርም።

እንግዲህ «የቤተሰብ ቀጠሮ ነውና አባባም ይግቡ» ተባልኩ። ልጄ ሱቁን ዘግቶ ሲጨርስ እኛ ጋ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። ስልኩን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፈው አቆሙት። ጋቢዬን አጣፍቼ፣ እንደ ደንቡ፣ ተነሥቼ መረቅሁ። ቤቱን መረቅሁ፣ ልጆቹን መረቅሁ፣ ከብት ባይኖረንም ከብቱን መረቅሁ። ስጨርስ አሜን የሚል ጠፋ። አማካሪዋ ፈገግ ብላ «አባባ፣ ድምፅዎ ተዘግቶ ነበር» አለችኝ። እንዲህ ያለ ምርቃት ሁለት ጊዜ አይወጣም።

ከዚያ መተንፈስ አስተማረችን። በአፍንጫ መሳብ፣ መያዝ፣ ቀስ ብሎ በአፍ ማውጣት። ሰባ ዓመት በነፃ ስተነፍስ የኖርኩትን ሰውዬ! ቀጥላም «ተናዳችሁ ሳለ አትነጋገሩ፤ ቀዝቀዝ ስትሉ ቀጠሮ ይዛችሁ ተነጋገሩ» አለች። ይህን እኔ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ስል ነበር። ልዩነቱ እኔ ስናገር ልጄ ስልኩን ይነካካል፤ እሷ ስትናገር ደብተር አውጥቶ ይጽፋል።

ቀጥሎ የልጄ ተራ ደረሰ። ወንድ ልጅ ነው፤ እዚያ አገር ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሞ ዳቦና ስኳር ሲሸጥ ይውላል፤ ደህና ነኝ ከማለት በቀር ወሬ አያውቅም። ጉሮሮውን ጠረገ። «አባባ፣ እኔን ሁልጊዜ የሚያስጨንቀኝ ነገር…» አለና አፉን እንደከፈተ ቀጥ አለ። ምስሉ ደርቆ ቀረ። የቀኝ ዓይኑ ግማሽ እንደተከደነ፣ ግንባሩ ላይ የማላውቀው ጠባሳ። ጠባሳውን የልጅ ልጄም አይቶታል መሰል ጣቱን ወደ መስታወቱ ሰደደ። ኔትወርኩ ሲመለስ አማካሪዋ «ይህን ስላካፈልከን በጣም እናመሰግናለን» እያለች ነበር። እሷ ሰምታለች፤ መስመሯ አልተቋረጠም። ምራቴም በጆሮ ማዳመጫዋ ቁርጥራጩን ለቃቅማለች መሰለኝ፣ ዓይኗን ትጠርጋለች። ያልሰማሁት የተጠራሁት ሰውዬ ብቻ ነኝ።

ድገመው ልበል? አባት ልጁን እባክህ ጭንቀትህን ድገምልኝ ይላል? በማግስቱ ምራቴን በዘዴ ብጠይቃት «እሱ ራሱ ቢነግርዎ ይሻላል አባባ፤ የቀጠሮው ነገር ሚስጥር ነው» አለችኝ። በዚህ ከተማ ከእኔ የተደበቀ ሚስጥር ሲኖር የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

ለእኔ የተሰጠኝ የቤት ሥራ ደግሞ አለ፤ ልጄ ሲደውል ከገንዘቡ በፊት ስለ እሱ እንድጠይቅ። ሞከርኩ። «እንዴት ነህ ልጄ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?» ብለው ዝም አለ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባባ፣ ማን ሞተ?» አለኝ።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ሐሙስ ነው። የኢንተርኔት ፓኬጁን በጡረታዬ እሞላለሁ ብያለሁ፣ ትልቁን፣ የማይቆራረጠውን። ምራቴ ይህን ሰምታ ፈገግ አለች። ፈገግ የሚያሰኝ ነገር የለውም። ያቺን ሴትዮ የሚቆጣጠራት ሰው ያስፈልጋል፤ ደግሞ ከስኳር ጣሳው አጠገብ የምቀመጠው እኔ ነኝ።