ከ3 ሰዓት እስከ ምሳ የሚዘልቅ ዘላቂ አጋርነት

ማመስገን ይገባል። ሆሳዕና ለኪነ ጥበብ የሚጨነቅ ድርጅት አጥታ አታውቅም። መስከረም ጠብቶ የሀዲያው በዓል ያሆዴ ሲቃረብ፣ ዱራሜ ላይም የከምባታው መሳላ ሲደርስ፣ ዓመቱን ሙሉ የት እንደከረሙ የማናውቃቸው አጋሮቻችን ከያሉበት ይመጣሉ። ባንኩ ይመጣል፤ ኢንሹራንሱ ይመጣል፤ ሲሚንቶ አከፋፋዩና የታሸገ ውኃ ፋብሪካውም ይከተላሉ። ሁሉም ማይክራፎን ሲጨብጡ የሚሉት አንድ ነው፦ «ከወጣቶቻችን የኪነት ክበብ ጋር ዘላቂ አጋርነት መሥርተናል።» ይህ ዘላቂ አጋርነት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀምርና የክብር እንግዶች ለምሳ ሲነሡ ይጠናቀቃል።

የስጦታውን ብዛት ደግሞ ተመልከቱ። በመጀመሪያ ባነር አለ። የድርጅቱ ስም ከሩቅ ይነበባል፤ የክበቡ ስም ደግሞ ከታች፣ ከማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል። ቀጥሎ ቲሸርት አለ። ልጆቹ አያቶቻቸው ያወረሷቸውን ባህላዊ ልብስ ለብሰው ሊጨፍሩ ሲነሡ፣ «ሎጎው መታየት አለበት» ተብሎ ቲሸርቱ ከላይ ይደረብላቸዋል። የሀዲያን ባህል ለማስተዋወቅ የወጣው ቲሸርት የሀዲያን ልብስ ሸፍኖ ይውላል ማለት ነው። በመጨረሻም በሁለት ሰው የሚያዘው የካርቶን ቼክ ይወጣል። ይህን ቼክ የትኛውም ባንክ አይመነዝረውም፤ የሰጠው ባንክ ራሱም ጭምር።

እውነተኛው ገንዘብ የሚሄድበትን ያውቃል። ለሞንታርቦ ኪራይ፣ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ ለድንኳኑ፣ ለመድረክ መሪው፣ ለእንግዶች ምሳ ይከፈላል። የሚተርፍ ካለ የክበቡ ነው፤ እሱም የምስጋና ሰርተፍኬት ያሳትምበታል። ሰርተፍኬቱ ለድርጅቱ ይሰጣል፤ ድርጅቱም በመስታወት አድርጎ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል።

ጥቅምት ላይ የክበቡ ሰብሳቢ ደብዳቤ ይዞ ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ ጎራ ይላል። ጥያቄው ትንሽ ነው፦ የመለማመጃ ክፍል ኪራይ፣ ለአሠልጣኙ ወርኃዊ ክፍያ፣ ለተቀደደው ከበሮ ቆዳ። ሥራ አስኪያጁ ትሑት ሰው ናቸው፤ ቡና ያዛሉ። «ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ግን የሚወስነው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው» ይላሉ። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ መንገዱ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ደብዳቤ በምን እንደሚሄድ አናውቅም። የበጀት ዓመቱም የራሱ ጠባይ አለው። ሐምሌ ላይ በጀቱ ገና አልጸደቀም። መስከረም ላይ ለበዓሉ ወጥቷል። ጥር ላይ የተያዘው አልቋል። ሰኔ ላይ ሒሳብ ይዘጋል። አሥራ ሦስቱን ወራት አንድ በአንድ ብንቆጥር ለኪነ ጥበብ የተረፈችው ጳጉሜን ብቻ ናት፤ በእሷም፣ የዓመት ዋዜማ ናትና፣ ቢሮ የሚገኝ ሰው የለም።

ሕጉ ጨካኝ ነው የሚል ካለ ይሳሳታል። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በሕግ ለተቋቋመ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ገንዘብ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ፣ በወጪ እንዲያዝ ይፈቅዳል። ድርጅቶች የሚከፍሉት የትርፍ ግብር 30 በመቶ ስለሆነ፣ ከተሰጠው ከእያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ 30ው ያለዚያም ለግብር የሚሄድ ነበር። ይህ ሁሉ ግን አንድ ጉድለት አለበት፦ ባነር የለውም። ለክበቡም ቢሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ ተመዝግቦ ሕጋዊ መሆን ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ለመመዝገብ ደንብና አድራሻ ያስፈልገዋል፤ ለእነዚህ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ገንዘብ ለማግኘት ደግሞ መመዝገብ አለበት። ከዚህ የተረፈውን ጊዜ ይጨፍርበታል።

የንግድ ዓለም ፍቅር ምን ያህል እንደሚጸና ከተጠራጠራችሁ የቢራን ታሪክ አስታውሱ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያወርድ፣ የመዝናኛ ፕሮግራም አዘጋጆች ስፖንሰር አጣን ብለው ጮኹ። እስከዚያ ቀን ድረስ የተወደደው ጥበቡ ይመስለን ነበር። ኳስ እንኳ ከእኛ ይሻላል፤ በ2013 ዓ.ም. ሀዲያ ሆሳዕና የሚጫወትበት ፕሪሚየር ሊግ ስሙን ለአቋማሪው ቤትኪንግ ሲሰጥ፣ ቢያንስ በውልና በዋጋ ነበር። የእኛ ክበብ ደረቱን የሚሰጠው ለሁለት ካርቶን ውኃ ነው።

ዘላቂ ነገር እዚህ አገር አይታወቅም እንዳይባል፣ የሀዲያ እናቶች ዊጆ አላቸው። ተራ ገብተው ቅቤ ያዋጣሉ፤ የዛሬዋ ተቀባይ ነገ ሰጪ ናት። ወንዶቹ ቱታ አላቸው፤ የመስከረሙን በሬ የሚገዙት ዓመቱን ሙሉ በቆጠቡት ነው። በሬው የሚታረድበት ቀን አንድ ነው፤ መዋጮው ግን ጥርንም ሚያዝያንም ያውቃል። የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርመው ፎቶ ሲነሡ አላየንም። አዲስ አበባም ውስጥ የአዱኛ የዳንስ ቡድን ከጎዳና የተነሡ ልጆችን 5 ዓመት አሠልጥኖ ከእነሱ መካከል አስተማሪዎችን አፍርቷል። በአንድ ቀን ቲሸርት ይህን ያደረገ አልሰማንም።

ሒሳቡን ጠጋ ብለን ስናየው ደግሞ ሌላ ጉድ ይወጣል። ክበቡ የሚሰጠው ዓመት ሙሉ የተለማመደውን ጭፈራ፣ የሚሰበስበውን ሕዝብ፣ የአባቶቹን በዓል፣ ላብ ያራሰውን ደረቱን ነው። ድርጅቱ የሚሰጠው የራሱን ስም ነው፤ ያውም በትልቁ ጽፎ። ታዲያ ለጋሹ ማን ነው? ተረጂውስ? ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ እንዲህ ያለ ተረጂ ድርጅት እየበዛ ነው። እኛም ርኅሩኆች ነንና ሁሉንም በያሆዴ መድረካችን ስንረዳ ኖረናል።

ግን የረጂም ትዕግሥት ልክ አለው። ስለዚህ የተከበራችሁ ተረጂዎቻችን፣ ከመጪው መስከረም ጀምሮ መድረካችንን የምንሰጠው በሚከተለው ውል ይሁን፦ ለሦስት የበጀት ዓመት፣ በየወሩ፣ የክፍል ኪራይና የአሠልጣኝ ደመወዝ። ካርቶኑ ቼክ ይቅር። ንግግሩም ይጠር። ውሉን የሚፈርም ድርጅት ከተገኘ ባነሩን እኛ እናሠራለን፤ ወጪውንም እኛው እንችላለን። ስማችሁን የፈለጋችሁትን ያህል አግዝፈን እናጽፍላችኋለን።