ኳሱን ከደጋፊ ስላዳናችሁት እናመሰግናለን

ለኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበራችሁ የማኅበሩ የሥራ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ከሰሜን ወሎ ዞን፣ ከግዳን ወረዳ፣ ከሙጃ ከተማ ነው። ይህ የአቤቱታ ደብዳቤ አይደለም። አቤቱታ በሞላው መዝገብ ቤታችሁ አንዲት የምስጋና ወረቀት ብትገባ አትጠሉም በሚል የተጻፈ ነው። በላስታ ምድር በገና ሰሞን ጥንግ የሚመታ ጎረምሳ ጌታውን በነገር ቢወጋ እንደማይቆጡት አገር ያውቃል። ሊጉም ጨዋታ ነውና ቃሌ ከመስመር ቢወጣ በዚያው ሥርዓት እንድታልፉልኝ እለምናለሁ።

ምስጋናዬ የሚጀምረው ከውድድር ዓመቱ መጀመሪያ ነው። ከመስከረም ማብቂያ እስከ ገና ያሉት ሳምንታት ለደጋፊ አድካሚ ነበሩ። የደረጃ ሰንጠረዡ ገና ምንም አይናገርም፤ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈው ዋንጫውን ያነሳ ይመስለዋል፣ ሦስት ጊዜ ነጥብ የተጋራው አሠልጣኙን ማሰናበት ያምረዋል። አዲሱ ፈራሚ በስሙ እንጂ በእግሩ አይታወቅም። በዚህ ጊዜ ደጋፊው የሚይዘው ውጤት የለውም፤ ያለው ዐይኑ ብቻ ነው። ግራ ተመላላሹ ኳስ ሲነጠቅ ተመልሶ ይሮጣል ወይስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል የሚለውን በቦታው ተገኝቶ ያያል፤ በኋላ ቡድኑ ሲሸነፍ የሚታገሠው ወይም የሚቆጣው በዚያ ባየው ልክ ነው። አሜሪካኖች ይህን ስለሚያውቁ ይመስላል የቤዝቦል ቡድኖቻቸውን በአንድ የውድድር ዓመት 162 ጊዜ ሲያጫውቱ 81ዱን በየከተማቸው የሚያደርጉት። በጸደይ የተሸነፈ ቡድን ደጋፊ ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ እያየ ተስፋውን ያድሳል። እናንተ ግን ከዚህ ሁሉ ድካም ገላገላችሁን።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ኮሮናውና የዲኤስቲቪ የቴሌቪዥን ውል በአንድ ሰሞን ሲመጡ፣ ክለቦችን በሙሉ ወደ ጥቂት የተመረጡ ከተሞች ሰብስባችሁ ማጫወት ጀመራችሁ። በዚያው ዓመት ሊጉ አዲስ አበባን፣ ጅማን፣ ባሕር ዳርን፣ ድሬዳዋንና ሐዋሳን ዞረ፤ ሻምፒዮን የሆነውም ፋሲል ከነማ ነበር። ዐፄዎቹ ያን ዋንጫ ሲወስዱ በጎንደር አፄ ፋሲለደስ ስታዲየም አንድም የሊግ ጨዋታ አላደረጉም። የጎንደር ሰው ሻምፒዮኑን ያየው ዋንጫው ከተበላ በኋላ፣ ለአቀባበል በወጣበት አደባባይ ነው። ከእድምተኛ ነፃ የሆነ ሰርግ መደገስ የቻለ ሌላ ድርጅት አላውቅም፤ በመሆኑም እጅ ነሥቻለሁ።

ሥራችሁ አርአያም ሆኗል። ብሔራዊ ቡድናችን በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሳ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 የረታው በአዲስ አበባ ስታዲየም፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት ነበር። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግን ያችኑ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ባለሜዳ የሆንነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ ለካፍ መስፈርት የሚበቃ ስታዲየም አልነበረንምና። ይህ በእርግጥ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ልማዱ ከላይ እስከ ታች አንድ መሆኑ ያስደስታል፦ አገርም ክለብም ጎሉን ከቤት ርቆ ያገባል፣ ሕዝቡም ወሬውን ይሰማል።

የሙጃን ነገር ላንሣ። ሙጃ የራሷ የፕሪምየር ሊግ ክለብ የላትም። ኳስ ወዳጇ ዐይኑን የሚጥለው ወደ ወልዲያ፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ነው። ወልዲያ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ቆሟል። ወልዲያ ከነማ በ2010 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደና ስታዲየሙ ያለ ፕሪምየር ሊግ ቀረ። ስለዚህ የደጋው ወጣት ምን ያደርጋል? በየወረዳው ከተማ እንደሚደረገው ዲኤስቲቪ ቤት ይሄዳል። በሩ ላይ በተደገፈው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ “አርሰናል ከቼልሲ፣ ምሽት 1፡30” ተብሎ ተጽፏል። የባሕር ዳሮቹ የጣና ሞገዶችና የዐፄዎቹ ስም ሰሌዳው ላይ የለም፤ ቢጻፍም ቤቱ አይሞላም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጥራት ብቻ አይደለም። ከእንግሊዝ የሚመጣው ሥዕል ውስጥ የሚዘምር ሕዝብ አለ፣ ከእኛው በሚመጣው ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ኮንክሪት ነው። ሁለቱንም በቴሌቪዥን ብቻ እንዲያይ የተፈረደበት ሰው የቱን እንደሚመርጥ ለመገመት ጥናት አያስፈልግም። ላም አለኝ በሰማይ እያሉ ወተት መጠበቅ ለሦስት ሳምንት ያስቃል፤ ለዓመታት ሲሆን ግን ሰው ሌላ ላም ይገዛል።

“ጸጥታውስ?” እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ቀልድ አይደለም። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልዲያ ላይ ከመቐለው ክለብ ጋር በነበረው ጨዋታ ሰበብ የተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ዛሬም በአማራ ክልል ያለውን ሁኔታ ከሙጃ ሰው የተሻለ የሚያስረዳችሁ አይኖርም፤ ጦርነት ባለበት ቦታ ጨዋታ አምጡ የሚል ሰውም የለም። ይሁን እንጂ በዚያው በ2010 ዓ.ም. ሊጉ እንዲቋረጥ ያደረገው የዳኛ ድብደባ የተፈጸመው አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ዳኛውን ያሳደዱትም የአንድ ቡድን አባላት እንጂ ትኬት ቆርጠው የገቡ ተመልካቾች አልነበሩም። ለዚያ ጥፋት ተጫዋቾች በሙሉ ከሜዳ አልታገዱም፤ አጥፊው ተቀጣ፣ ኳሱ ቀጠለ። ለደጋፊ ሲሆን ግን የጥቂቶች ጥፋት የሁሉም ቅጣት ይሆናል። ለአደጋ ጊዜ የወጣ መመሪያ አደጋው በሌለበት ከተማም የሚሠራ ከሆነ፣ መመሪያው የጸጥታ መሆኑ ቀርቶ የምቾት ሆኗል።

“ወጪውስ? ካሜራውስ?” የሚል ሁለተኛ መልስ አላችሁ። የቀረጻ መኪና በየሳምንቱ ከከተማ ወደ ከተማ ማዞር እንደሚከብድ፣ ብዙው ሜዳም ለቴሌቪዥን እንደማይመች እሙን ነው። ግን ሒሳቡን ሙሉ እናድርገው። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው፤ ቡድኑ በሰው ከተማ ለሳምንታት ሲከርም የሚከፈለው የሆቴልና የአበል ሒሳብም ከዚያው ኪስ ይወጣል። ነጋዴው በሚከፍለው ግብር የራሱን ቡድን ሌላ ከተማ አሳድሮ ያበላል፣ ከዚያ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ይመለከታል። በር ላይ የሚቆረጥ ትኬት፣ የሚሸጥ ማሊያና ቆሎ፣ የሚያድር እንግዳ ለከተማው አይተርፉም። ይህ ወጪ መቆጠብ ከሆነ መባከን ምን ሊመስል ነው?

የፍትሕ ነገርም አለ። በግንቦት 2012 ዓ.ም. የጀርመን ቡንደስሊጋ በባዶ ስታዲየም ሲቀጥል በሜዳቸው የሚጫወቱ ቡድኖች የማሸነፍ ድርሻ ወርዶ ታይቷል፤ ጩኸት ነጥብ ያመጣል ማለት ነው። እናንተ ጋ ውድድሩ ሐዋሳ ሲያርፍ ሐዋሳ ከተማ፣ ድሬዳዋ ሲያርፍ ድሬዳዋ ከተማ ወገኑን ጀርባው አድርጎ ይጫወታል፤ ሌላው ግን ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ነው። ይህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲሆን ጉዳቱ ይበረታል፤ አሠልጣኝ የሚባረረውና ደጋፊ ተስፋ የሚቆርጠው ያኔ ነውና።

ስለዚህ ምስጋናዬን በአንዲት ትንሽ ልመና ልዝጋ። ሜዳውና ጸጥታው በጽሑፍ የተረጋገጠለት ክለብ በውድድር ዓመቱ መጀመሪያ ቢያንስ ሦስት ጨዋታ በከተማው ያድርግ። ላልተረጋገጠለት ደግሞ የጎደለው ሣሩ ይሁን መብራቱ፣ ማን እስከ መቼ እንደሚያሟላው ከመርሐ ግብሩ ጋር አብሮ ይገለጽ። ሰላም ሲወርድ እንደ ወልዲያው ያለ ተሠርቶ የተቀመጠ ስታዲየም ከአስተናጋጆች ዝርዝር ይግባ። ይህ ከከበዳችሁ ግን አትጨነቁ፤ ደጋፊው ራሱ እየቀረ ስለሆነ በቅርቡ የሚጠይቃችሁ አይኖርም።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሙጃ ኳስ ወዳጅ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
ለየክለቡ የደጋፊዎች ማኅበር
ለሊሎንግዌ ቢንጉ ስታዲየም አስተዳደር፣ ላደረጉልን መስተንግዶ ከምስጋና ጋር