ዋልያውን ጠበቃችሁ፣ ዋልያስንስ?

ደባርቅ ላይ ቡና እየጠጣን፣ አንድ ወጣት «የፒንክ ፍሎይድን አልበም አሠራር የሚያሳይ ዶክመንተሪ አየሁ። እያንዳንዷን ድምፅ ከየት እንዳመጧት ይተርካሉ፤ የእኛ ዘፈን እንዲህ የሚተረክ ምን አለው?» አለ።

አለው እንጂ! «ሙዚቃዊ ስልት» አለልህ። ግርማ በየነ የደረሰው፣ ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» በተባለው አልበሙ ያወጣው። በአልበሙ ሙላቱ አስታጥቄም ተጫውቷል። ዛሬ በየአገሩ ያሉ ባንዶች እየተቀባበሉ ይጫወቱታል።

«እሱማ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ነው፤ ሰሜንን ምን አገባው?»

ስሙ ያገባዋል! ዋልያ ከእናንተ ከሰሜን ተራራ በቀር የት ይኖራል? ስሙን ሰጥታችሁ ታሪኩን ለምን ለሌላ ትተዋላችሁ?

«ያኔ ምን ስቱዲዮ ነበርና ፊልም ይሠራለታል?»

ፊልሙ እኮ ያለው እዚያ ላይ ነው! የሙዚቃ መሣሪያው የክለብ ባለቤት ንብረት በሆነበት ዘመን ዋልያሶች የራሳቸውን ገዙ። በደርግ ሰዓት እላፊ፣ ማታ ሂልተን ሆቴል የገባ እንግዳ ሳይነጋ መውጣት ስለማይችል፣ ሌሊቱን ሁሉ ይጫወቱለት ነበር። በእንዲህ ያለ ጭንቅ ውስጥ ለተሠራ አልበም ፊልም ካልተሠራ ለየትኛው ይሠራል?

«ስለዚያ ዘመን ሙዚቃማ ፊልም ተሠርቷል ይባላል።»

ተሠርቷል፤ ማን ሠራው? ፖላንዳዊው ማቺየይ ቦህኒያክ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ስለ ሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴና ስለ ግርማ በየነ። እግዜር ይስጠው! አምሃ እ.ኤ.አ. በ2021 አረፈ፤ ፖላንዳዊው ቀድሞ ደረሰ። እኛስ የማንን ሞት እንጠብቃለን?

አንድ የዳባት አባት ጣልቃ ገቡ፤ «የድሮውን ካሴት እኮ ጣልነው ልጄ፤ ዛሬ ምን ያደርጋል?»

የቀረውን አይጣሉት አባባ! የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣውን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ ኃይሉን ራሱን አፈላለገ። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። የባሕር ዳሩ ሰው እንደ እርስዎ ጥሎት ቢሆን ኖሮስ?

«ለፊልም ገንዘብ ከየት ይመጣል?» አለ ወጣቱ።

ገንዘቡ ይቆየን፤ ስልኩ እጅህ ላይ ነው። ሠርግ ላይ የመጣውን አዝማሪ ዘፈኑን ብቻ አትቅረጽ፤ ማሲንቆ ማን እንዳስተማረው፣ ግጥሙን ከማን እንደወረሰ ጠይቀው። ካሴት ይሸጥ የነበረውን ሰው ፈልገህ ምን ምን ይሸጥ እንደነበር አስወራው። ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ቀኑን ጻፍ።

የደባርቅና የዳባት ልጆች፣ ሽማግሌዎቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። የቀረጻችሁትንም ስልካችሁ ላይ ብቻ አታስቀሩት፤ ቅጂውን ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ አድርሱ።