አሥራ ስድስት ፈረስ ሳሎን ውስጥ

በከተማችን ሺንሺቾ ሳሎኑ ውስጥ አዲስ ስፒከር ያስቀመጠ ሰው ለአንድ ጥያቄ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ፤ «ስንት ዋት ነው?» እንግዳው ገና ወንበር አልያዘም፣ ስለ ልጆች ጤና አልጠየቀም፣ የዘንድሮ ዝናብ እንዴት እንደሆነ አላነሣም። ዋቱን ይጠይቃል። መዝሙሩ ተከፍቶ እየሰማ እንኳ ይጠይቃል። ጆሮው የነገረውን አያምንም፤ ቁጥሩን ከባለቤቱ አፍ መስማት አለበት። ትልቅ ቁጥር ከተጠራለት ራሱን ይነቀንቃል። ትንሽ ከተጠራለት ድምፁን ዝቅ ያደርግና «አይ፣ ለቤት እኮ ይበቃል» ብሎ ያጽናናል። እንቅልፍ የነሣችኝ ይህቺ ማጽናኛ ናት።

ነገሩ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። ከእኛ አገር ሰው መካከል ደቡብ አፍሪካ ዘመድ የሌለው ካለ፣ እኔና እሱ ገና አልተዋወቅንም። የአክስቴ ልጅ ጆሃንስበርግ ሱቅ አለው። ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ሻንጣ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ጥንድ ስፒከር ላከልኝ። ዕቃው ዕቃ ነው። አንዱን ብቻ ለማንሣት ወገብ ይጠይቃል፤ እንጨቱ ፊት ያሳያል። ከጀርባው በትንንሽ ፊደል «87 ዴሲቤል፣ 8 ኦም፣ ከ20 እስከ 100 ዋት» ተጽፎበታል። አምፕሊፋየር ግን የለውም። ደውዬ ብጠይቀው፣ «ወንድሜ፣ አምፕማ እዚያው ታገኛለህ፤ ትንሽ ነገር ነው» አለኝ። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ ከሚገባ ዕቃ መካከል ትንሽ ነገር የሚባል እንዳለ የነገረኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

አምፕ ፍለጋ ሆሳዕና ሄድኩ። ያየሁት ሁሉ ሆም ቴአትር ነው፤ አምስት ትንንሽ ስፒከር፣ አንድ የሚንጎደጎድ ሣጥን፣ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ መብራት። ካርቶኑ ላይ ከሩቅ በሚነበብ ጽሑፍ «12000 ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» ይላል፤ የቅጽበት ከፍተኛ ጉልበት ለማለት ነው። ባለሱቁ በመዳፉ እየደበደበው «ጋሼ፣ ይሄ ቤት ያፈርሳል» አለኝ። ቤቴ ገና የብሎኬቱ ዕዳ ተከፍሎ ስላላለቀ ማፍረሱ አላጓጓኝም። ዕቃውን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። እዚያ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ከመሰኪያው ገመድ አጠገብ፣ አንዲት የብር ቀለም ወረቀት ተለጥፋለች፤ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 60 ዋት።

እንግዲህ እናስብ። ከግድግዳ 60 ዋት ይበላል፤ ወደ ሳሎን 12000 ይተፋል። ይህ ዕቃ እውነተኛ ከሆነ የሕዳሴው ግድብ ለምን አስፈለገ? ከነዚህ ሣጥኖች ጥቂቱን ደርድሮ አንዱን ካንዱ መሰካት ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ መኪናው ውስጥ አንድ ነገር ገባብኝ። ዋት በፈረስ ቢመነዘር ስንት ነው? አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። 12000ን ለእሱ ስታካፍሉ 16 ፈረስ ይመጣል። ያውም ትርፍ ዋት አለው። አሥራ ስድስት ፈረስ ሳሎኔ ውስጥ! ሁለቱ ሶፋው ላይ፣ ሦስቱ ቡፌው አጠገብ፣ አንዱ ቴሌቪዥኑን ሸፍኖ ቆሞ፣ የቀሩት በረንዳ ላይ ተራ እየጠበቁ። ድርቆሹን ማን ይችላል? እውነተኛው 60 ዋት ግን የአንድ ፈረስ አሥራ ሁለተኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ፈረሱ ተከፋፍሎ ለእኔ ቢደርሰኝ ምናልባት ጆሮውና የጋማው ጫፍ ነው።

የፈረሱ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ልኬቱን ያመጣው ሰው ራሱ ሻጭ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት በ18ኛው መቶ ዘመን የእንፋሎት ሞተሩን ለማሻሻጥ ሲነሣ ገዢዎቹ የሚያውቁት ፈረስ ነው፤ ስለዚህ «ሞተሬ የዚህን ያህል ፈረስ ሥራ ይሠራል» ማለት ነበረበት። ወደ እኛ ልኬት ስናመጣው፣ 76 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነገር በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ ማንሣት ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ይህን የሚችል ጋሪ ጎታች ፈረስ በእኛ መንገድ ላይ አይቼ አላውቅም፤ ከሆሳዕና ዳገት ጋር ሲታገል ያየ ይመስክር። ለቅጽበት ከሆነ ግን ፈረስ ጉደኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ አዮዋ ውስጥ በተደረገ የመጎተት ውድድር የተያዘውን መረጃ ሁለት ተመራማሪዎች በ1993 አስልተው፣ አንድ ፈረስ ለጥቂት ሴኮንዶች ወደ 15 የፈረስ ጉልበት ሊያወጣ እንደሚችል ጽፈዋል። ፈረስም ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. አለው ማለት ነው! ልዩነቱ ፈረሱ ግንባሩ ላይ «15» ብሎ ጽፎ ገበያ አይወጣም።

እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቅብኛል። ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚባለው ነገር ዓለም የተስማማበት አለካክ የለውም። አንዱ ፋብሪካ የቅጽበቷን ከፍታ ይወስዳል፤ ሌላው ያንኑ በስፒከሮቹ ብዛት ያበዛዋል፤ ሦስተኛው ካርቶኑ ላይ ባለው ቦታ ልክ ዜሮ ይጨምራል። ከ60 ወደ 12000 ሁለት መቶ እጥፍ ነው። አንድ ነጋዴ አንድ ኪሎ ስኳር ብሎ አምስት ግራም ቢሰፍርልን ሰፈር ይነሣል፣ ፖሊስ ይጠራል፣ ሚዛኑ ይወረሳል። ዋት ሲሆን ግን «ቤት ያፈርሳል» እየተባለ ይመረቅልናል። ያን ካርቶን የሚገዛው ማን ነው? ደቡብ አፍሪካ ሱቁ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ የሚያድር ልጅ ለእናቱ የላከው ገንዘብ ነው። ዝንጅብሉን ሸጦ ለልጁ ሰርግ ቤቱን ደመቅ ማድረግ የፈለገ አባት ነው። ዕድሜ ልኩን በሚዛን ያልተታለለ ገበሬ በፊደል ይታለላል። አሜሪካኖቹ ይህ ውሸት ቤታቸው ሲገባ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽናቸው እ.ኤ.አ. በ1974 ደንብ አወጣ፤ አምፕሊፋየር የሚሸጥ ሰው የሚያስተዋውቀውን ጉልበት ሳይቋረጥ በሚሰጠው ልክ ይለካ፣ ከመለካቱም በፊት ዕቃው በአንድ ሦስተኛ ጉልበቱ አንድ ሰዓት ሠርቶ ይሙቅ ተባለ። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ደንቡን እንደገና አጠበቁት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሚጠበቅ ነገር ነው እንግዲህ። ያን ሁሉ ሣጥን አሥር ደቂቃ በሙሉ ድምፅ አሙቁት ብንል ስንቱ ሳይጨስ ይወጣ ይሆን?

ይሁን። ንዴት ስፒከር አያጮኽም።

ከተማችን ውስጥ ይህን ነገር በትክክል የሚያውቁት ቸርች ውስጥ ሚክሰር ላይ የሚቀመጡት ልጆች ናቸው። እሑድ እሑድ ድምፁ ሲፏጭ ጉባኤው ሁሉ ዞሮ የሚያያቸው እነሱን ስለሆነ ትምህርቱ ሳይወዱ ገብቷቸዋል። አንዱን ለመንኩት። ስፒከሩን ገልብጦ አየና «ጋሼ፣ ዋቱን ይተዉት። 87 የምትለዋን ይያዙ» አለኝ።

87 ማለት፣ ለስፒከሩ አንድ ዋት ብትሰጡትና አንድ ሜትር ርቃችሁ ብትቆሙ 87 ዴሲቤል ይደርሳችኋል ማለት ነው። ተራ ወሬ 60 አካባቢ ነው። ሶፋዬ ያለው ሦስት ሜትር ርቆ ነው፤ ርቀቱ ወደ 9 ተኩል ዴሲቤል ይበላል፣ ሁለተኛው ስፒከርና ግድግዳው ደግሞ ጥቂቱን ይመልሳሉ። ስለዚህ በአንድ ዋት፣ በአንዲት፣ ባለቤቴ ከጓዳ «ኧረ ቀንሰው!» የምትልበት ላይ ደርሰናል። ከዚያ በላይ ያለው ሒሳብ ርኅራኄ የለውም። ጉልበቱን እጥፍ ስታደርጉት የምትጨምሩት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «አሁን እጥፍ ሆነ» እንዲል 10 ዴሲቤል ያስፈልጋል፤ እሱም አሥር እጥፍ ዋት ነው። 50 ዋቱን ትቶ በእጥፍ ዋጋ 100 የገዛ ሰው ያን ሦስቷን ዴሲቤል ገዛ። ብልጥ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ከአምፑ ይልቅ ስፒከሩ ላይ ነው፤ 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር 87 የሚሰጠውን በግማሽ ዋት ይስተካከለዋል። ፖል ክሊፕሽ የሚባል አሜሪካዊ በ1940ዎቹ የሠራው፣ የክፍል ጥግ ላይ የሚቆመው ስፒከርማ በአንድ ዋት ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። ለእሱ አንድ ዋት ሰርግ ነው።

የእኛ መብራት ደግሞ ማታ ማታ ይደክማል። 220 የተባለው 160 ሲወርድ፣ የአምፕ ጉልበት ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ ተራ አምፕ ከሆነ ከዋቱ ግማሽ ያህሉ አብሮ ይሄዳል። ግማሽ ሲሄድ ግን የሚጎድለው 3 ዴሲቤል ነው፤ ብዙ ሰው ልብ አይልም። እንግዳው በማታ «ስንት ዋት ነው?» ሲለኝ ትክክለኛው መልስ «በስንት ሰዓት?» ነው።

ታዲያ ትንሽ አምፕ ይበቃል ብዬ ደስ ሲለኝ ልጁ መለሰኝ። ትንሽ አምፕ እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ የሞገዱን አናት ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ሞገድ በቀጭኑ ድምፅ በኩል ጉልበት ያበዛና ቀጭኑን የምታወጣዋን ትንሿን ስፒከር፣ ትዊተሯን፣ ያነዳታል። ስፒከር የሚገድለው ትልቅ አምፕ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ከአቅሙ በላይ የሚጮኽ ትንሽም ይገድላል። ለሰርግ ተከራይተው ወጥተው ትዊተራቸው ሞቶ የተመለሱ የሰፈራችን ሞንታርቦዎች ምስክር ናቸው። የሙዚቀኛው እጅ ግን አሁንም ጥግ ላይ ነው።

በመጨረሻ የተስማማነው ከመርካቶ በመጣች፣ መዳፍ በማታክል ቦርድ ነው። ቲፒኤ 3116 የሚባል ቺፕ ተሸክማለች፤ ክላስ ዲ ናት፤ ከምትበላው ወደ 90 በመቶ የሚሆነውን ለስፒከር ትሰጣለች። የድሮዎቹ ክላስ ኤቢ አምፖች ያን ያህል የሚከብዱት ትራንስፎርመራቸውንና ሙቀታቸውን የሚያስወጣውን አልሙኒየም ተሸክመው ነው። የአሮጌ ላፕቶፕ ቻርጀር 19 ቮልት ይሰጣታል፤ በ8 ኦም ስፒከር ላይ በየጎኑ 20 ዋት ገደማ ይወጣታል። ስፒከሩ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ጋር ተገጣጠምን፤ ጥግ ድረስ እንዳትጠመዘዝ እጄን እጠብቃለሁ። ቦርዷ ቤት ስለሌላት ልጁ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተታት። ድምፁ… ስለ ድምፁ አላወራም፤ ክራሩ እዚያው ተቀምጦ የሚመታ ነው የሚመስለው። የአክስቴ ልጅ «አምፑን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» ብሏል። የስፒከሩን ልኬለታለሁ።

ክረምት ገባ። ከኮርኒስ በላይ ቆርቆሮ ያለው ሰው የዝናቡን ጩኸት ያውቀዋል፤ ኮርኒስ የሌለው ደግሞ ከሁሉ በላይ ያውቀዋል። የሐምሌ ዝናብ ሺንሺቾ ላይ ሲወርድ 20 ዋትም 12000ም እኩል ዝም ይላሉ። የአያቴ ሳር ቤት ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ ሹክሹክታ ይሰማ ነበር፤ ሳሩ የላዩንም የውስጡንም ድምፅ ይውጠዋል። እኛ ሲሚንቶ ወለል፣ ብሎኬት ግድግዳና ቆርቆሮ ጣራ ሠራንና ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላጋ ሲያደክመን አምፕ እንቀይራለን። ልጁም ያለኝ ይህንኑ ነው፤ የሚቀረው ገንዘብ ካለ ኮርኒስ ላይ ይዋል።

አናጢ ጠራሁ። «ቺፑድ ይሁን አቡጄዲ?» አለ። ለድምፅ አቡጄዲው ከላይ ድርቆሽ ቢጤ ከተነሰነሰበት ይሻላል አልኩት፤ ተስማማ። ባለቤቴ ግን አቡጄዲ ላይ አይጥ ይሮጣል፣ ድርቆሽ ሲጨመርበት ደግሞ ይወልዳል አለች። አናጢው አይጥ ቺፑድ ላይም ይሮጣል፣ እንዲያውም ሲሮጥ ድምፁ ይጎላል ብሎ ሊያግዘኝ ሞከረ። ክርክሩ ለእኔ ጠንካራ መስሎኝ ነበር፤ ለእሷ አልመሰላትም። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚመጡት ዘመዶች ከመድረሳቸው በፊት ሥራው እንዲያልቅ ተነጋግረን ነበር፤ አሁን ወሬው ወደ ድመት ዞሯል። ጎረቤታችን ቤት አንዲት ድመት ወልዳለች፤ ባለቤቴ ወንዱን ትፈልጋለች፣ ጎረቤታችን ደግሞ ወንዱን ለቸርቹ ዘበኛ ቃል ገብታለች።